ጀሪካኑን እንቁጠር፦ «ታዳሽ ኃይል ነዳጅ አይቀንስም» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። እኔ ጋ ራሱ ሦስት ሰው ልኮታል። አንደኛው ደንበኛዬ ከሥሩ «አይዞህ፣ ጄኔሬተርህ አይሞትም» ብሎ የሚስቅ ፊት ለጥፎበታል።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። ታዳሽ ኃይል የሚባለው ነገር ነዳጅም ካርቦንም አይቀንስም። እኛ ግድብ በግድብ ሆነን የነዳጅ ወጪያችን ሲያድግ እንጂ ሲቀንስ አልታየም። ፀሐይና ነፋስ አይታመኑም፣ ስለዚህ ከጎናቸው ጄኔሬተር መቆሙ አይቀርም። የሶላር ፓነሉን ለመሥራት የሚነደው ከሚያተርፈው ይበልጣል። ግድብም ራሱ ጋዝ ያወጣል። ደግሞስ ዓለምን በጭስ ያጠፋናት እኛ ነን እንዴ? እዚሁ ጅማ አጠገብ፣ አፍንጫችን ሥር ያለውን የደልቢን የድንጋይ ከሰል አውጥተን ብንጠቀም ማን ምን አገባው?

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። አጻጻፋቸው የተማረ ሰው አጻጻፍ ነው፣ ስለዚህ አንቱ እያልኩ ነው የምመልሰው። እኔ የተማርኩት ናፍጣ ውስጥ ነው። ጅማ ላይ ጄኔሬተር እጠግናለሁ። ከጅማው መርካቶ እስከ ኪቶ ሰፈር፣ በቡና ወቅት ደግሞ ማና፣ ጎማና ሊሙ ድረስ፣ ማጠቢያ ጣቢያ ካለበት ሁሉ ይደወልልኛል። መብራት በጠፋ ቁጥር እንጀራ የሚጋገርልኝ ሰው ነኝ። ጸሐፊው ልክ ቢሆኑ ደስ የሚለኝ እኔ ነበርኩ። ግን ልክ አይደሉም፤ ወይም አንዳንዱ ልክ ሆኖ ድምዳሜው ልክ አይደለም።

«ግድብ በግድብ ሆነናል፣ ነዳጁ ግን አልቀነሰም» ይላሉ።

ከጽሑፉ ሁሉ ጠንካራው ይሄ ነው፣ ስለዚህ ብዙ እቆይበታለሁ። ግልገል ጊቤ አንድ በ2004 ሥራ ጀመረ፣ 184 ሜጋ ዋት። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ማሽን ላይ የማነበው እሱን ስለሆነ ለምዶብኝ ነው።) ጊቤ ሁለት በ2010 ተከተለ፣ 420። ጊቤ ሦስት በ2016 ተመረቀ፣ 1,870። ሕዳሴ በ2025 ተመረቀ፣ 5,150። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከጅቡቲ የሚመጣው ቦቴ ሲበዛ እንጂ ሲያንስ አላየንም። እዚህ ድረስ ተስማምተናል።

ግን ጥያቄው ነዳጁ የት ነው የሚነደው የሚለው ነው። የኢትዮጵያ መብራት ከድሮም በአብዛኛው የውኃ ነው፤ ዛሬም ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ነው። አዲስ ግድብ ሲመረቅ የሚዘጋ ትልቅ የናፍጣ ማመንጫ እኛ ጋ ብዙም አልነበረም። ነዳጃችን የሚነደው መኪና፣ ባጃጅና ትራክተር ውስጥ ነው፣ ከየሱቁ ጀርባ በቆመው ጄኔሬተር ውስጥ ነው፣ ገጠር ደግሞ ኩራዝ ውስጥ ነበር። ከጊቤ የወጣው መብራት እነዚህ ጋ እስካልደረሰ ድረስ አንድ ሊትርም አይቀንስም። ግድቡን ከቦቴው ጋር አስተያይቶ «አልቀነሰም» ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ነዳጅ የሚቀነሰው ግድብ ሲመረቅ አይደለም። ጀሪካኑ ሳይሞላ ሲቀር ነው። ስለዚህ ጀሪካኑን እንቁጠር።

አንድ ቦታ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ፣ ስሙን አልጠራም። ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ያለ የእሸት ቡና ማጠቢያ ነው። ለዓመታት መፈልፈያውን የሚያዞረው የናፍጣ ሞተር ነበር። በየዓመቱ ቡናው ቀላ ቀላ ማለት ሲጀምር ይደውሉልኛል፤ ሄጄ ኖዝሉን አጥባለሁ፣ ፊልትሮ እቀይራለሁ፣ ዘይት እለውጣለሁ። ናፍጣው በበርሜል ተጭኖ ከጅማ ይሄድ ነበር። አንድ ዓመት ፒክ አፑ ጭቃ ላይ ተይዞ ናፍጣ ሳይደርስ አደረና የተለቀመው እሸት ሳይፈለፈል ነጋ። እሸት ቡና ደግሞ አይጠብቅም፤ በዚያው ሌሊት መፍላት ይጀምራል፣ ጠዋት ሽታው ብቻ ይነግርሃል። ኋላ ላይ መስመር ተዘረጋላቸው፣ ትራንስፎርመር ተሰቀለ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ገባ። የናፍጣው ሞተር ዛሬም ጥግ ላይ ሸራ ለብሶ ቆሟል። መብራት ሲጠፋ ብቻ ይነሳል። በርሜሉን እንኳ አንዷ ሴትዮ ለውኃ ማጠራቀሚያ ወስዳዋለች። ይህ ነው ለእኔ «ቀነሰ» ማለት።

ይህን በአገር ደረጃ ማየት ለሚፈልግ ጅቡቲን ይይ። ጅቡቲ እስከ 2011 መብራቷን የምታገኘው በአብዛኛው ነዳጅ ከሚያቃጥሉ ሞተሮች ነበር። በ2011 ከእኛ የተዘረጋው መስመር ሥራ ሲጀምር ትልቁ የፍጆታዋ ድርሻ በእኛ ውኃ ተተካ። አስቂኝ ነው አይደል? እኛ ከጅቡቲ ወደብ ነዳጅ እየጫንን እንመጣለን፣ ለጅቡቲ ደግሞ ውኃችን ነዳጇን ያስቀርላታል። ወይም እንግሊዝን እንይ፣ በድንጋይ ከሰል መብራት ማመንጨት የተጀመረበትን አገር። በ2012 ከመብራታቸው ወደ 40 በመቶ የሚሆነው ከድንጋይ ከሰል ነበር። የመጨረሻውን የከሰል ማመንጫ መስከረም 30 ቀን 2024 ዘጉት፣ በእነሱ ሴፕቴምበር። የተፈጥሮ ጋዝም እጁ አለበት፣ አልደብቅም። ግን ትልቁን ቦታ የያዘው ነፋስ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፣ የጅማ ሰው ስለሆንኩ። በከተማችን መሐል የሚያልፈው አዌቱ፣ ያ ቆሻሻ የምንጥልበት፣ መጨረሻው ግልገል ጊቤ ነው። ስለዚህ ድልድዩ ላይ ቆመህ ቁልቁል የምታየው ውኃ ጊቤ አንድ ላይ አንዴ ይሠራል፤ ከዚያ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ተራራ ሥር አልፎ ጊቤ ሁለት ላይ ይሠራል፤ ኦሞ ውስጥ ገብቶ ደግሞ ጊቤ ሦስት ላይ ሦስተኛ ጊዜ ይሠራል። አንድ ውኃ ሦስት ጊዜ። አንድ ሊትር ናፍጣ ሦስት ጊዜ ሲነድ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ጸሐፊው «ዓለም ሁሉ ሶላርና ነፋስ እየተከለ ጠቅላላ ጭሱ ግን አልቀነሰም» ያሉትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። እውነት ነው፣ በ2024 ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ37 ቢሊዮን ቶን በላይ ነበር፣ ከ2023ቱም በለጠ። ምክንያቱ ግን ፍላጎቱ ራሱ እያደገ መሆኑ ነው። ቤትህ እንግዳ በየቀኑ እየጨመረ ሦስት እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ብትጋግር፣ የማገዶው ክምር ላይቀንስ ይችላል። ያ ማለት ግን ሦስቱ እንጀራ ማገዶ ፈጅቷል ማለት አይደለም። ምጣዱ ባይኖር ክምሩ ከዚህም በላይ ያልቅ ነበር።

«ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ነፋስም ያርፋል፣ ስለዚህ ጄኔሬተሩ ከጎን መቆሙ አይቀርም» ይላሉ።

ይቁም! ማን ይሽጠው አለ? የቆመ ጄኔሬተር ግን ናፍጣ አይጠጣም። እኚህ ሰው «መኖር»ንና «መንደድ»ን አንድ አድርገውታል።

ኪቶ አካባቢ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠርዝ ያድራል። መብራት ሲጠፋ አንዲት የናፍጣ ጄኔሬተር ነበረችው፣ ለአንድ ማሽንና ለሁለት አምፖል የምትነሳ። እዚህ ላይ የሙያ ነገር ላውራ። የናፍጣ ሞተር ጭነት ሲያንሰው በደንብ አይሞቅም። ናፍጣው ሙሉ በሙሉ ሳይነድ ይወጣና ማርሚታው ውስጥ ጥቁር፣ እርጥብ፣ እንደ ቅባት የሚያጣብቅ ነገር ሆኖ ይከማቻል። የዚያን ልጅ ማርሚታ ስፈታ እጄ እስከ ክንዴ ይጠቁር ነበር። የከፈለበት ናፍጣ ነው እኮ ያ ቅባት! ገንዘቡን አቃጥሎ እንኳ አልጨረሰውም።

ዘንድሮ ስድስት ፓነል፣ አንድ ኢንቨርተር (የፓነሉንና የባትሪውን ኃይል ማሽን ወደሚጠቀምበት መብራት የሚቀይር ሳጥን) እና አንድ ሊቲየም ባትሪ አስገባ። ጄኔሬተሯን አልሸጣትም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጅማ ሰማይ ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ደመናው ጣራ ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው፣ ፓነሉም ያን ጊዜ የሚሰጠው ጥቂት ነው። እሷን ለዚያ ይዟታል። ግን ድሮ በየሳምንቱ ይሞላ የነበረው ጀሪካን አሁን አልፎ አልፎ ነው የሚሞላው። ባለፈው ስሄድ አንገቱ ላይ ሸረሪት አድርታበት አየሁ።

በአገር ደረጃ የጸሐፊው ስጋት ከዚህ የከበደ መልክ አለው፣ እሳቸው ባያነሱትም እኔ ላንሳላቸው። ውኃም ይጠፋል። በ2019 ግንቦት ላይ ጊቤ ሦስት ውኃው ወርዶ በመላ አገሪቱ መብራት በፈረቃ ሆኖ ነበር፤ እኔ ያን ወር እንቅልፍ አልነበረኝም፣ ስልኬ አያርፍም። የዚህ መድኃኒቱ ግን ናፍጣ ነው? እኛ አገር ነፋሱ የሚበረታው በበጋ ነው፣ ልክ ግድቡ በሚጎድልበት ወቅት። አዳማና አሸጎዳ ላይ ያሉት ማማዎች በበጋ ሲዞሩ ግድቡ ውኃውን ይቆጥባል። ነፋሱ ሲያርፍ ደግሞ በሩ ይከፈታል። ፈረንጆቹ በብዙ ቢሊዮን ባትሪ የሚገዙለትን ነገር እኛ ተራራ መሐል ውኃ አድርገን አስቀምጠነዋል።

ደግሞ ለእሳቸው የሚያግዝ አንድ እውነት ልስጥ። ቡና የሚታጠበው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት። ለሶላር ጥሩ ይመስላል። ለቀማው ግን ቀኑን ሙሉ ነው፤ እሸቱ ጣቢያው የሚደርሰው አመሻሽ ላይ፣ መፈልፈያው የሚነሳው ከመሸ። ፀሐይቷ ገብታለች። ሞተሩም ሲነሳ አንዴ የሚስበው ኃይል ትንሽ ኢንቨርተር የሚችለው አይደለም። አንድ ባለሀብት ይህን ሳያማክር ፓነል ደርድሮ ማታ ላይ አፍጦ ሲያየው ደርሻለሁ። ለእንደዚህ ዓይነቱ ቦታ መስመር መሳብ ይሻላል። ሶላር ለሁሉም ነገር ነው ያለኝ ሰው ካለ ሻጭ ነው።

«ፓነሉን ለመሥራት የሚነደው ከሚያተርፈው ይበልጣል» ይላሉ።

ይህ ከሃምሳ ዓመት በፊት ቢባል ኖሮ እከራከር ይሆን ነበር፣ ዛሬ ግን ያረጀ ወሬ ነው። አንድ ፓነል ለመሥራት የፈጀውን ኃይል ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይመልሳል፣ እንደ አገሩ ፀሐይ። ከዚያ በኋላ ሃያና ከዚያ በላይ ዓመት ይሠራል። ቻይና ውስጥ ሲሠራ የድንጋይ ከሰል ነዶበታል፣ ይህ እውነት ነው። ግን ሒሳቡ ያንንም ቆጥሮ ነው።

አይፒሲሲ የሚባለው የተመድ የአየር ንብረት ባለሙያዎች ጉባኤ በ2014 ያወጣው ሰንጠረዥ አለ። ከማዕድኑ ቁፋሮ እስከ ማስወገዱ ድረስ ሁሉንም ደምሮ፣ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት (የቤታችን ቆጣሪ መብራት የሚቆጥርበት መለኪያ) የሚወጣውን ጭስ ያስቀምጣል። የድንጋይ ከሰል 820 ግራም፣ የተፈጥሮ ጋዝ 490፣ ሶላር ከ40 እስከ 50 መካከል፣ ውኃ 24፣ ነፋስ 11።

የእኔን ደንበኞች ጄኔሬተር ከዚህ ጎን እናስቀምጠው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲመዘን ወደ 840 ግራም ነው። ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ 2.7 ኪሎ ያህል ነው። ረዳቴ ይህን ስነግረው «ውሸት! ከአንድ ኪሎ የማይሞላ ነገር እንዴት ሦስት ኪሎ ሊሞላ ይችላል?» ብሎ ስቆብኛል። ከአየር ነው የሚጨምረው። ካርቦኑ ሲነድ ኦክስጅን ይዞ ነው የሚወጣው፤ 12 ኪሎ ካርቦን 32 ኪሎ ኦክስጅን ተሸክሞ 44 ኪሎ ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ነው ማርሚታው ሥር ሚዛን ብታስቀምጥ ከጀሪካኑ የሚበልጠው። በደንብ የተጫነ ትንሽ የናፍጣ ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ስታካፍለው 900 ግራም ይመጣል። ያውም ማርሚታው ብቻ፤ ናፍጣውን ለማውጣት፣ ለማጣራትና ለማጓጓዝ የነደደው አልተቆጠረም። እንግዲህ ከሱቃችን ጀርባ የምትጮኸው ትንሿ ማሽን ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከድንጋይ ከሰል ማመንጫ ጋር እኩል ወይም ብሳ ታጨሳለች ማለት ነው። ጭነት ሲያንሳት፣ እንደዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ይብስባታል።

ናፍጣው ራሱ እዚህ የሚደርሰው በናፍጣ ነው፤ ይህንም ጸሐፊው ረስተውታል። ጅማ ለመድረስ ቦቴው ከጅቡቲ ተነስቶ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል፣ ባዶውን ደግሞ ይመለሳል። ፓነል የሚመጣው አንዴ ነው። ናፍጣ ግን እስከ ዕድሜ ልክህ ይመጣል።

«ግድብም ጋዝ ያወጣል» ይላሉ።

ያወጣል። ሐይቁ ሲሞላ ከሥር የቀረው ዛፍና ሣር አየር በሌለበት ይበሰብስና ሚቴን ይሆናል፤ ሞቃት ቆላ ላይ፣ ጥልቀት በሌለው ሰፊ ሐይቅ ላይ ይብሳል። አንዳንድ ግድቦች በዚህ በጣም መጥፎ ቁጥር አላቸው። ከላይ ያልኩት 24 መካከለኛው ነው፣ የሁሉም ግድብ ቁጥር አይደለም። ጊቤ ሦስት ግን 243 ሜትር የሚቆም ግንብ ነው፣ ገደል ውስጥ የታሰረ ውኃ ነው፤ ለሚያመነጨው ኃይል ሲታሰብ ሜዳ ላይ እንደተንጣለለ ሐይቅ አይደለም።

በግድብ ላይ ሊነሳ የሚገባው ሌላ ነበር፣ እሳቸው ግን ዘለሉት። ከጊቤ ሦስት በታች ኦሞ ሲሞላ የሚያርሰውን መሬት ተከትለው የሚዘሩ ሰዎች ጎርፋቸው ተወስዶባቸዋል። እዚህ እኛ ጋ ደግሞ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በግልገል ጊቤ ሐይቅ ዙሪያ ያሉ ልጆችን የወባ ነገር አጥንተዋል። ከየማሳው እየታጠበ የሚገባው አፈር ሐይቁን ይሞላዋል። ስለ ግድብ ክፉ መናገር ለፈለገ ሰው እዚህ ይጀምር። እኔም አብሬው እቆማለሁ። ይህ ግን «ነዳጅ አይቀንስም» ከሚለው ጋር አይገናኝም።

«እኛ ለዓለም ጭስ ያዋጣነው የለም» ይላሉ።

የለም፣ በትክክል። ከነዳጅ የሚወጣው ጭስ ለአንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት ከ0.2 ቶን በታች ነው፤ የዓለም አማካይ 4.7 ገደማ። ማንም ፈረንጅ ጅማ መጥቶ ስለ ካርቦን ሊቆጣኝ ቢሞክር ሻይ ጋብዤ እሸኘዋለሁ። እኔ ግን ጀሪካኑን የምቆጥረው ለፈረንጅ ብዬ አይደለም። ናፍጣው በዶላር ነው የሚገዛው፣ ጠብታው ሁሉ። ጊቤ ላይ የሚወርደው ዝናብ ዶላር አይጠይቅም። ጭሱ መቀነሱ ምርቃት ነው።

ወደ ደልቢ ልሂድ፣ ጽሑፉም የሚሄደው ወደዚያ ነበር። ከጅማ ደቡብ ደልቢና ሞዬ ላይ የድንጋይ ከሰል አለ፣ ሁላችንም እናውቃለን። ወደ ኢሉባቦርም ያዩ ላይ አለ፤ ያውም በ2010 ዩኔስኮ በመዘገበው የዱር ቡና ደን አካባቢ። ይህ ከሰል ዛሬ ገበያው ሲሚንቶ ነው። የሲሚንቶ ምድጃ የሚፈልገው ትልቅ ሙቀት ነው፣ ያንን በመብራት መተካት ገና ቀላል አይደለም፤ ከደቡብ አፍሪካ በዶላር ከማምጣት የራሳችን ይሻላል ያለ ሰው ከእኔ ክርክር አይገጥመውም። ግን ጸሐፊው ያሉት መብራት እናመንጭበት ነው። ለምን? አመድና እርጥበት የበዛበትን ከሰል ቆፍረን፣ በመኪና ጭነን፣ በኪሎ ዋት ሰዓት 820 ግራም እያጨስን፣ ሦስት ጊዜ የሚሠራ ውኃ ከጎናችን እያለ? ሰው ጠጅ ቤት ተቀምጦ ውኃ ሲያዝዝ ማለት ነው። ለሲሚንቶውም ቢሆን መቀሸሪያ ቤቶች ጓሮ የተከመረው የቡና ገለፈት አለ። ያንን ተራራ በክረምት ሲበሰብስና ወንዝ ውስጥ ሲገባ እናያለን። ይነዳል እኮ! አንዳንዱ ጨፍልቆ ከሰል ያደርገዋል፣ እንዲያውም ጥሩ ይነዳል።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የጻፉት ሁለት አንቀጽ ላይ ብዙ አልቆይም። «ባትሪው ይሞታል፣ ቻርጅ ማድረጊያ የለም» ብለዋል። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ ላይ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ሲከለክል ቻርጅ ማድረጊያው ገና ከአዲስ አበባ ብዙም አልወጣም ነበር፣ ይህ እውነት ነው፤ ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነዳ ሰው ቢጨነቅ አይፈረድበትም። ነገር ግን ከላይ የነዳጁ ትልቁ ጀሪካን መኪና ነው ብለን ተስማምተን የለ? የቤንዚን ሞተር ከሚጠጣው ውስጥ ጎማውን የሚያዞረው ሩቡ ገደማ ነው፣ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይሄዳል፤ ራዲያተር ለምን ኖረ ታዲያ? የኤሌክትሪክ ሞተር አብዛኛውን ጎማው ላይ ያደርሰዋል። እኛ ደግሞ የምንሞላው ከውኃ በመጣ መብራት ነው። የድንጋይ ከሰል መብራት ባለበት አገር ኤሌክትሪክ መኪና ጭሱን ከማርሚታ ወደ ጭስ ማውጫ ማማ ቢያዛውር ነው የሚባለው፣ እዚህ ግን የሚያዛውርበት ማማ የለም። ጅማ ላይ መጀመሪያ የማየው ግን መኪና ሳይሆን ባጃጅ ቢሆን ነው ምኞቴ። ቀኑን ሙሉ ከፈረንጅ አራዳ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ አጂፕ የሚመላለስ፣ ከከተማ የማይወጣ፣ ማታ ማታ ቤቱ የሚያድር ነገር፤ ለባትሪ ከዚህ የተሻለ ሥራ አላውቅም። የቤንዚን ሰልፍ ሲኖር ባጃጆቹ እስከ የት እንደሚሰለፉ አይተናል።

ያ የሚስቅ ፊት የለጠፈው ደንበኛዬ ደግሞ ደወለልኝ፣ ይህን እየጻፍኩ እያለ። «ታዲያ አንተ ምን ልትበላ ነው?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከሚደወልልኝ ውስጥ ስለ ኢንቨርተርና ባትሪ የሚጠይቀው እየበዛ ነው፤ ስለዚህ እየተማርኩ ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ከዩቲዩብና ከኪቶ ልጆች። የመጀመሪያውን ኢንቨርተር ስገጥም የባትሪውን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አገላብጬ ሰጠሁት። ጧ! አለ፣ ትንሽ ጭስ አወጣ፣ ዝም አለ። ከኪሴ ከፍዬ አዲስ ገዛሁለት። የተቃጠለው መደርደሪያዬ ላይ ከካንዴላዎቹ ጎን ተቀምጧል፤ ረዳቴ በቀይ ቀለም «ፖዘቲቭ ይህ ነው» ብሎ ቀስት ስሎበታል።